መኪናዎ አነዳድዎን ለመድን ድርጅት እንዳያቀብል፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

መኪናቸው የአነዳዳቸውን መዝገብ ለሌላ እንደሚያቀብል የሰሙ አሽከርካሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው። ተናደው የመኪናውን መተግበሪያ ከስልካቸው ይሰርዛሉ፤ ነገሩም ያለቀ ይመስላቸዋል። የመድን ውላቸው ሲታደስ ግን ጭማሪው እንዳለ ይመጣል።

አዳዲስ መኪኖች የራሳቸው ሲም ካርድ ስላላቸው መረጃ ለመላክ የእርስዎን ስልክ አይጠብቁም። መተግበሪያውን ሲሰርዙ የሚዘጋው እርስዎ ማስተካከያውን የሚያገኙበት በር ብቻ ነው፤ መኪናው ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ እዚህ ዋናው ነገር ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ስለ እርስዎ የተያዘውን ማየት፣ ቀጥሎ መላኩን ማስቆም፣ ከዚያ የተላከውን በጽሑፍ ማሰረዝ። መተግበሪያውን መሰረዝ፣ ካስፈለገ፣ የመጨረሻው ሥራ ነው።

መመሪያው በዋናነት አሜሪካ ውስጥ ለሚነዱ ነው፤ የመኪና መረጃ መድን ሰጪ ዘንድ ደርሶ ዋጋ ሲያስጨምር በይፋ የታየው እዚያ ነውና። ኢትዮጵያ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ለገዙ የሚሆን ክፍል ወደ መጨረሻው አለ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

እነዚህን አንድ ቦታ ያሰባስቡ፤ መሃል ላይ አንዱን ፍለጋ ሲነሡ ነው ብዙ ሰው ሥራውን የሚተወው።

- የመኪናው የሻሲ ቁጥር። 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን በፊት መስታወቱ ግርጌ በአሽከርካሪው በኩል፣ በበሩ ክፈፍ ላይና በመድን ካርድዎ ላይ ይገኛል።
- መንጃ ፈቃድና አድራሻዎን የሚያሳይ የቅርብ ጊዜ የመብራት ወይም የውሃ ሂሳብ።
- መኪናው የተመዘገበበት የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል። መኪናውን የገዛልዎ ወይም በሻጩ ቢሮ ተቀምጦ ምዝገባውን የሞላልዎ ሌላ ሰው ከሆነ የተጠቀመበትን ኢሜይል አሁኑኑ ይጠይቁት።
- የመጨረሻዎቹ ሁለት የመድን ውል እድሳት ወረቀቶች።
- አንድ ደብተር። የላኩትን፣ ቀኑንና የተሰጠዎትን የጉዳይ ቁጥር ይመዘግቡበታል።

ደረጃ 1፦ መኪናዎ የሚያወራ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ

ከጣሪያው መብራት አጠገብ «ኤስ ኦ ኤስ» የሚል ቁልፍ፣ ወይም በጄኔራል ሞተርስ መኪኖች መስታወቱ አካባቢ ሰማያዊው የኦንስታር ቁልፍ ካለ መኪናው የራሱ መስመር አለው ማለት ነው። መተግበሪያው በሩን ከሩቅ የሚከፍት ወይም ሞተሩን የሚያስነሣ ከሆነም መልሱ ያው ነው።

ቁልፉም መተግበሪያውም ከሌለ፣ መኪናውም የቆየ ከሆነ፣ ቀጥታ ወደ ደረጃ 5 ይሂዱ። ስልክዎ ብቻውን በቂ ወሬ ያወጣልና።

በተጨማሪ «ቬሂክል ፕራይቨሲ ሪፖርት» የሚባለው ነፃ ድረ ገጽ የሻሲ ቁጥሩን ሲያስገቡ አምራቹ በፖሊሲው ምን እንደሚሰበስብና ለማን እንደሚሰጥ በአጭሩ ያሳያል። ድረ ገጹ የሚነግርዎ አምራቹ በወረቀት ላይ ያሰፈረውን ነው። ከእርስዎ መኪና በእርግጥ የወጣውን ለማወቅ ቀጣዩ ደረጃ ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ምንም ነገር ሳይነኩ መዝገብዎን ያስጠሩ

ይህ ደረጃ አድካሚ ነው፤ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ሳያዩት ወደ ማጥፋት ከሄዱ ግን በኋላ «ዋጋዬን የጨመራችሁት በዚህ መዝገብ ነው» ብለው የሚከራከሩበት ማስረጃ አይኖርዎትም።

መዝገቡ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ማርች 2024 ኒው ዮርክ ታይምስ ባወጣው ዘገባ፣ ሲያትል አካባቢ ቼቭሮሌት ቦልት የሚነዳ አንድ ሰው የመድን ዋጋው 21 በመቶ ጨምሮበት መዝገቡን ሲያስጠራ 258 ገጽ ደረሰው። ከዚህ ውስጥ ከ130 ገጽ በላይ የሚሆነው እርሱና ባለቤቱ በ6 ወር ውስጥ ያደረጓቸው 640 ጉዞዎች ዝርዝር ነበር፦ የተነሡበትና የደረሱበት ሰዓት፣ ርቀቱ፣ ፍጥነት ያለፉበት፣ በድንገት ፍሬን የያዙበት፣ በኃይል ነዳጅ የሰጡበት። የሄዱበት ቦታ አልተጻፈም። ማን መሪውን እንደያዘም አልተጻፈም። ይህን የመጨረሻውን ያስታውሱት፤ ደረጃ 7 ላይ ይመጣል።

1. የአሽከርካሪዎችን መዝገብ ሰብስቦ ለመድን ድርጅቶች በሚሸጠው፣ ሌክሲስኔክሲስ ሪስክ ሶሉሽንስ በሚባለው ኩባንያ የሸማቾች ድረ ገጽ ላይ «ኮንሱመር ዲስክሎዠር ሪፖርት» የሚለውን ይጠይቁ። 1970 የወጣው የፌዴራል ፍትሐዊ የብድር መረጃ ሕግ መዝገብዎን የማየት መብት ይሰጥዎታል፤ በ12 ወር አንድ ጊዜ ነፃ ነው።
2. ቬሪስክን ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ ይጠይቁ። ይህ ኩባንያ ከመኪና አምራቾች የአነዳድ መረጃ መቀበሉን በ2024 ቢያቆምም ከዚያ በፊት የያዘው መዝገብና የአደጋ ካሣ ታሪክዎ ሊኖረው ይችላል።
3. የጥያቄውን ቀን ደብተርዎ ላይ ይጻፉ፤ የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ ያንሡ።
4. የሌክሲስኔክሲስ መልስ አብዛኛውን ጊዜ በፖስታ የሚመጣ ደብዳቤ ሆኖ ሪፖርቱን ኢንተርኔት ላይ እንዴት እንደሚከፍቱ ይነግርዎታል። ደብዳቤው ማስታወቂያ ስለሚመስል ሳይከፍቱ እንዳይጥሉት።

*ማስጠንቀቂያ።* ገንዘብ የሚጠይቅዎ ገጽ ትክክለኛው አይደለም። በፍለጋ ውጤት አናት ላይ የሚወጡ ማስታወቂያዎችን አይንኩ። ቅጹ የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ስለሚጠይቅ የሚጽፉበትን አድራሻ ሁለት ጊዜ ያንብቡ። የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ የእነዚህን ኩባንያዎች ትክክለኛ አድራሻ ዝርዝር በድረ ገጹ አውጥቷል፤ ከዚያ ቢነሡ ይሻላል።

«ማንነትዎን ማረጋገጥ አልቻልንም» ቢሉዎትስ?

የእኛ ሰው ከሁሉ በላይ የሚሰናከለው እዚህ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተይዟል፤ የአያት ስም አንዱ ሰነድ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም፤ ገብረ መድኅን ወይም ኃይለ ማርያም አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ ተለያይቶ ተጽፏል፤ አንዱ ሰነድ ላይ ድርብ ፊደል ያለው ስም ሌላው ላይ ነጠላ ነው። ለኮምፒውተር እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

እንዲህ ያድርጉ፦

- መጀመሪያ መንጃ ፈቃድዎ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል፣ ያስገቡ።
- ካልሠራ የመድን ውልዎ ላይ ባለው አጻጻፍ ይድገሙ፤ መኪናው ወደ መድን ድርጅቱ የሚገናኘው በዚያ ስም ነውና።
- ሁለቱም ካልሠሩ በፖስታ ይጠይቁ። በደብዳቤው ውስጥ ስምዎ የተጻፈባቸውን መንገዶች በሙሉና ባለፉት ዓመታት የኖሩባቸውን አድራሻዎች ይዘርዝሩ፤ የመንጃ ፈቃዱንና የመብራት ሂሳቡን ቅጂ ያያይዙ። ዋናውን ሰነድ አይላኩ።

ሪፖርቱ ደርሶ የማያውቁት መኪና ወይም የማያውቁት አድራሻ ካገኙበት አይደናገጡ፤ ግን አይለፉትም። ስማቸው የሚመሳሰል የሁለት ሰዎች መዝገብ ተደባልቆ ሊሆን ይችላል። ምልክት አድርገው ለደረጃ 7 ያስቀምጡት።

«ስለ እርስዎ ምንም የአነዳድ መረጃ የለንም» የሚል መልስ ከመጣም ቀጣዮቹን ደረጃዎች አይዝለሉ። እስካሁን አልተላከም ማለት እንጂ መኪናው አይሰበስብም ማለት አይደለም።

ደረጃ 3፦ መኪናው ላይ ሌላ ማን እንዳለ ይፈትሹ

መተግበሪያውን ይክፈቱና የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ይፈልጉ። ያገለገለ መኪና ከገዙ የቀድሞው ባለቤት፣ ከትዳር አጋርዎ ከተለያዩ ደግሞ የቀድሞ ባለቤትዎ ስልክ መኪናው የቆመበትን ቦታ እስካሁን እያየ ሊሆን ይችላል። የማያውቁትን ወይም የማይፈልጉትን ሰው ከዝርዝሩ ያስወጡ፤ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ።

ዋናው ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ሌላው ሰው ከሆነ እርስዎ ሊያስወጡት አይችሉም። አምራቹን ደውለው ባለቤትነቱን የሚያሳየውን ወረቀት በመላክ እንዲዛወርልዎ ይጠይቁ።

*ማስጠንቀቂያ።* የሚፈሩት ሰው ካለ ይህን ደረጃ ብቻዎን አይሥሩት። ያ ሰው ከመተግበሪያው መውጣቱን ወዲያው ያውቃል፤ ንዴቱም እርስዎ ላይ ሊመለስ ይችላል። መጀመሪያ የቤት ውስጥ ጥቃት ተጎጂዎችን የሚረዳ ድርጅት ያማክሩ፤ የሚደውሉበትም ስልክ እርሱ የማያየው ይሁን። ካሊፎርኒያ በ2024 ባወጣችው ሕግ አምራቾች ጥቃት የደረሰበት ሰው ሲጠይቃቸው የአጥቂውን የርቀት መዳረሻ እንዲያቋርጡ አዝዛለች። ሌላ ግዛት ቢኖሩም ለአምራቹ ሲጽፉ ሕጉን ቢጠቅሱ አይጎዳዎትም።

ደረጃ 4፦ መላኩን ያስቁሙ

ሁለት ቦታ ላይ ይሠራል፦ በስልኩ መተግበሪያ ውስጥና በመኪናው ስክሪን ላይ። አንዱን አጥፍቶ ሌላውን መተው የተለመደ ስህተት ነው። መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሞተሩ በርቶ ይሁን።

በሁለቱም ቦታ የሚፈልጉት ቃል «ዳታ»፣ «ፕራይቨሲ»፣ «ኮኔክትድ ሰርቪስስ» ወይም «ድራይቪንግ ስኮር» የሚል ነው። ከማጥፋትዎ በፊት የገጹን ፎቶ ያንሡ፤ ካጠፉም በኋላ እንደገና ያንሡ።

ቶዮታ። በመተግበሪያው የራስዎን መገለጫ ከፍተው ወደ «ዳታ ፕራይቨሲ ፖርታል» ይግቡ። የመድን ድርጅቶችን የሚመለከተው ፈቃድ ከአጠቃላዩ ፈቃድ ለብቻው ተቀምጧል። መድኑን ብቻ ካጠፉ የአደጋ ጊዜ ጥሪው እንዳለ ይቀራል፤ እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው። አጠቃላዩን ካጠፉ ግን የ«ኤስ ኦ ኤስ» አገልግሎቱም አብሮ ይሄዳል። መተግበሪያው እምቢ ካለ መኪናው ውስጥ ያለውን የ«ኤስ ኦ ኤስ» ቁልፍ ተጭነው ለሚመልሰው ሠራተኛ መረጃ መላክ እንዲቆም መንገር ይቻላል።

ጄኔራል ሞተርስ፦ ቼቭሮሌት፣ ጂ ኤም ሲ፣ ካዲላክ፣ ቢዊክ። ለሌክሲስኔክሲስና ለቬሪስክ ሲያቀብል የነበረው «ስማርት ድራይቨር» የተባለው አገልግሎት ነበር። ኩባንያው ማርች 2024 ለሁለቱ መስጠት አቆመ፤ አገልግሎቱንም ዘጋ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጃንዋሪ 2025 ባቀረበው ክስ ኩባንያው አሽከርካሪው ያለበትን ትክክለኛ ቦታ በየ3 ሰከንዱ ጭምር ሲሰበስብ እንደነበር ገልጾ፣ ይህን መረጃ ለአምስት ዓመት ለመዝገብ ሰብሳቢ ኩባንያዎች እንዳይሰጥ የሚከለክል ስምምነት አስፈርሞታል። ቢሆንም የቦታ መረጃ ማስተካከያውን ከፍተው ይዩ፤ የድሮው መዝገብ እንዲጠፋም ደረጃ 6 ላይ ይጠይቁ።

ሆንዳና ሂዩንዳይ። አነዳድን የሚለካው አገልግሎት ሆንዳ ላይ «ድራይቨር ፊድባክ»፣ ሂዩንዳይ ላይ «ድራይቪንግ ስኮር» ይባል ነበር። የእያንዳንዱ መኪና መረጃ በስንት እንደተሸጠ ለማወቅ ከፈለጉ፣ ሴናተሮች ዋይደንና ማርኪ ጁላይ 2024 በጻፉት ደብዳቤ መሠረት ሆንዳ የ97,000 መኪኖችን መረጃ በ25,920 ዶላር ለቬሪስክ ሸጧል፤ ለአንድ መኪና 26 ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። ሂዩንዳይ ደግሞ ከ1.7 ሚሊዮን መኪኖች በአማካይ 61 ሳንቲም አግኝቷል። የአሽከርካሪው የመድን ጭማሪ ግን የሚቆጠረው በመቶዎች ዶላር ነው።

ፎርድ። በመኪናው ስክሪን የግንኙነት ማስተካከያ ውስጥ የቦታ፣ የአነዳድና የመኪናው መረጃ ለየብቻ ተቀምጠዋል። ሦስቱንም ይዩ።

ቴስላ። በስክሪኑ «ሶፍትዌር» ከሚለው ሥር «ዳታ ሼሪንግ» አለ። የካሜራ ምስሎችን ማጋራት ያጥፉ። ሮይተርስ ኤፕሪል 2023 እንደዘገበው የኩባንያው ሠራተኞች ከደንበኞች መኪና የተቀረጹ የግል ምስሎችን እርስ በርስ ሲላላኩ ነበር፤ ስለዚህ ይህን ሌላ ቀን አደርገዋለሁ አይበሉ።

ማስተካከያውን አጥፍተው እንደገና በርቶ ቢያገኙትስ?

የሶፍትዌር ማሻሻያ ወይም አዲስ የአጠቃቀም ውል «ተስማማሁ» ሲባል ፈቃዱን መልሶ ሊከፍተው ይችላል። ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ ገጹን ከፍተው ካነሡት ፎቶ ጋር ያስተያዩ።

ፊውዙን መንቀል

መካኒክ ጓደኛ ያለው ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር ነው። በአንዳንድ መኪኖች የግንኙነት ሳጥኑ ፊውዝ ሲነቀል ከውስጥ ያለው ማይክራፎን ወይም ከድምፅ ማጉያዎቹ አንዱ አብሮ ይሞታል፤ የአደጋ ጊዜ ጥሪም ይቋረጣል። በኪራይ ውል የያዙት መኪና ከሆነ ከአከፋፋዩ ጋርም ያጣላል። ሌሊት ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ኤርባግ ሲፈነዳ እርዳታ የሚጠራለትን መስመር ለዚህ ሲል እንዲያጣ አልመክርም። ከደረጃ 4 እስከ 6 በትክክል ከተሠራ አስፈላጊም አይሆንም።

ደረጃ 5፦ ስልክዎን ይፈትሹ

መኪናው የ2005 ካሮላ ቢሆንም ስልክዎ ፍሬን ሲይዙና ሲፈጥኑ ይለካል። የቴክሳስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጃንዋሪ 2025 ኦልስቴት የተባለውን የመድን ድርጅትና አሪቲ የተባለውን በሥሩ ያለ ኩባንያ የከሰሰው በዚህ ነው። እንደ ክሱ፣ የአሪቲ ኮድ ላይፍ360ንና ጋዝበዲን በመሳሰሉ የተለመዱ መተግበሪያዎች ውስጥ ገብቶ የሰዎችን እንቅስቃሴ ይሰበስብ ነበር።

1. በስልክዎ ማስተካከያ የቦታ ፈቃድ ያላቸውን መተግበሪያዎች ዝርዝር ይክፈቱ።
2. «ሁልጊዜ» የሚለውን ፈቃድ የያዙትን አንድ በአንድ ወደ «ስጠቀምበት ብቻ» ይቀይሩ። ነዳጅ ርካሽ የሚሸጥበትን የሚያሳይ መተግበሪያ ተኝተው እያለ የት እንዳሉ የሚያውቅበት ምክንያት የለም።
3. «ሞሽን» ወይም «ፊዚካል አክቲቪቲ» የሚለውን ፈቃድ ለየብቻ ይከልክሉ። ይህ ከቦታው ፈቃድ የተለየ ስለሆነ ብዙ ሰው ያልፈዋል።
4. ልጆችን ለመከታተል ቤተሰቡ በሙሉ የሚጠቀምበት መተግበሪያ ካለ በውስጡ የመረጃ ሽያጭን የሚመለከተውን ማስተካከያ ፈልገው ያጥፉ። በልጁም ስልክ ላይ ያድርጉት።

የመድን ድርጅትዎ «ቅናሽ ታገኛለህ» ብሎ ያስጫነዎት መተግበሪያ ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ የገቡት በፊርማዎ ነው። በድንገት ከማጥፋትዎ በፊት ደውለው «ብወጣ ዋጋዬ ስንት ይሆናል?» ብለው በጽሑፍ እንዲመልሱልዎ ያድርጉ። ሌሊት ለሚነዱ የታክሲ፣ የኡበርና የሊፍት አሽከርካሪዎች ይህ ቅናሽ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች አብዛኛዎቹ የሌሊት ጉዞንና የኪሎ ሜትር ብዛትን በራሱ እንደ አደጋ ይቆጥራሉ። የኡበርና የሊፍት የሾፌር መተግበሪያዎች ያለ ቦታ ፈቃድ አይሠሩም፤ ሥራ ሲጨርሱ ግን ከመተግበሪያው ይውጡ።

ደረጃ 6፦ በጽሑፍ ይጠይቁ

እስካሁን ያደረጉት ከዛሬ በኋላ ያለውን ያስቆማል። ትናንት የሄደውን የሚመልስ ቁልፍ የለም፤ የሚቀረው ደብዳቤ ነው።

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ቴክሳስ፣ ኮሎራዶ፣ ሚኒሶታና ካሊፎርኒያ የግል መረጃ ሕግ ካላቸው ግዛቶች መካከል ናቸው። በእነዚህ ሕጎች መረጃዎን ማየት፣ ማሰረዝና እንዳይሸጥ መከልከል ይችላሉ፤ ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ዋሽንግተን ዲሲና ጆርጂያ እንዲህ ያለ አጠቃላይ ሕግ የላቸውም። እዚያ ቢኖሩም ይጠይቁ፤ ግዛት ሳይለዩ የሚቀበሉ አምራቾች አሉ፣ የማይቀበሉትም እምቢታቸውን በጽሑፍ ይስጡዎ።

ቅጹ በአምራቹ ድረ ገጽ ግርጌ ላይ በትናንሽ ፊደል ተቀምጧል። በቀላል እንግሊዝኛ እነዚህን አምስት ነገሮች ይጻፉ፦

1. ስሜ፣ አድራሻዬና የመኪናዬ የሻሲ ቁጥር ይህ ነው።
2. ስለ እኔና ስለዚህ መኪና የያዛችሁትን መረጃ ቅጂ ላኩልኝ።
3. የአነዳድና የቦታ መረጃዬን ለማንም እንዳትሸጡ፣ እንዳታጋሩ።
4. እስካሁን ለማን እንደሰጣችሁ ስማቸውን ንገሩኝ።
5. ቅጂውን ከላካችሁልኝ በኋላ የአነዳድና የቦታ ታሪኬን አጥፉ።

አራተኛውንና አምስተኛውን ቦታ አይቀያይሩ። መጀመሪያ «አጥፉ» ካሉ «መረጃ የለንም» የሚል መልስ አግኝተው ለማን እንደሄደ ሳያውቁ ይቀራሉ።

ከመጠን ያለፈ ማስረጃ ቢጠይቁዎትስ? የካሊፎርኒያ የግል መረጃ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2025 ሆንዳን 632,500 ዶላር የቀጣው በከፊል በዚሁ ነው፦ መረጃዬን አትሽጡ ለሚል ሰው ከሚያስፈልገው በላይ የግል ዝርዝር ይጠይቅ ነበር። የፓስፖርት ቅጂ ከጠየቁዎት ለምን እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ ያስረዱ ይበሏቸው። ቀኑ ካለፈ ወይም መልሱ ካላረካዎት ለግዛትዎ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አቤቱታ ያስገቡ። ለዚህ ነው ደብተሩ።

ደረጃ 7፦ መዝገቡ ላይ ስህተት ካለ ይከራከሩ

በደረጃ 2 ያስጠሩትን ሪፖርት አሁን ያውጡ። የሚከራከሩት «ይህን መያዝ አልነበረባችሁም» በሚል ቁጣ ከሆነ አይሳካልዎትም፤ ሕጉ የሚያየው መረጃው ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን ነው። ስለዚህ የሚያረጋግጡትን አንድ ነገር ይያዙ፦

- ያ ቀን አገር ውስጥ አልነበሩም። የአውሮፕላን ቲኬት ያያይዙ።
- መኪናው ጋራዥ ነበር። ደረሰኙን ያያይዙ።
- መኪናው በእርስዎ ስም ቢሆንም የሚነዳው ወንድምዎ ወይም የእህትዎ ልጅ ነው። በእኛ ቤት የተለመደ ነገር ነው፤ ለመዝገቡ ግን ፍሬኑን የያዙት ሁልጊዜ እርስዎ ነዎት። የመድን ውሉ ላይ ሌላ አሽከርካሪ መኖሩ የተመዘገበ ከሆነ ያንን ገጽ ይላኩ። ካልተመዘገበ ግን ከመጻፍዎ በፊት ያስቡበት፤ ያልተመዘገበ አሽከርካሪ እንዳለ በራስዎ እጅ ለመድን ድርጅቱ እየነገሩት ነው።

ጥያቄዎ ከደረሰ በኋላ ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ ማረም ወይም ማጥፋት አለበት። ካልተስማማ ደግሞ አጭር የራስዎን መግለጫ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያይዝ ይጠይቁ።

የመድን ድርጅቱንም ለብቻው ይጠይቁ፦ «ዋጋዬን የጨመራችሁት በየትኛው ሪፖርት ነው?» ከእንዲህ ያለ መዝገብ በመነሣት ዋጋ ጨምሮ ከሆነ ሪፖርቱን የሰጠውን ኩባንያ ስም የሚገልጽ ማስታወቂያ እንዲልክልዎ ያው የ1970ው ሕግ ያስገድደዋል። ማስታወቂያው ከእድሳቱ ወረቀት ጋር ታሽጎ መጥቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ፖስታዎን ይመልከቱ።

ደረጃ 8፦ ሲሸጡ፣ ሲገዙ፣ ሲከራዩ

ሲሸጡ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መኪናውን ከመተግበሪያው ያስወጡ፤ አገልግሎቱን ደውለው ያሰርዙ፤ ስክሪኑ ላይ ስልክዎን፣ የቤትዎን አድራሻና የጋራዥ በር መክፈቻውን ያጥፉ፤ በመጨረሻ «ፋክተሪ ሪሴት» ያድርጉ። ሪሴቱን ብቻ አድርገው ከሄዱ መኪናው በአምራቹ ኮምፒውተር ላይ የእርስዎ እንደሆነ ይቀራል። መኪናው በአደጋ ተበላሽቶ መድን ድርጅቱ ሊወስደው ከሆነም ተጎታቹ ከመምጣቱ በፊት ስክሪኑ የሚበራ ከሆነ ይህንኑ ያድርጉ።

ሲገዙ ሻጩ ፊት ለፊትዎ ቆሞ መኪናውን ከስልኩ እንዲያስወጣ ያድርጉ። ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ይስጡ።

ሲከራዩ ስልክዎን ለመሙላት በመኪናው ዩኤስቢ ፋንታ የራስዎን መሙያ ይጠቀሙ። ብሉቱዝ ካገናኙ ስክሪኑ የስልክ ማውጫዎን ልቅዳ ሲል «አይ» ይበሉ፤ ሲመልሱ ስልክዎን ከዝርዝሩ ይሰርዙ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚነዱ

ጃንዋሪ 2024 ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ መተግበሪያ ያላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ዋናው ችግር የባለቤትነት መለያው ነው። አንዳንዱ መተግበሪያ መኪናው በተሠራበት አገር የስልክ ቁጥር ስለሚከፈት አስመጪው ወይም ሻጩ በራሱ ቁጥር ከፍቶት ሊሆን ይችላል። ያ ማለት መኪናዎ የት እንደቆመ የሚያየው፣ ምናልባትም በሩን የሚከፍተው እርሱ ነው።

ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት፦ መለያው በማን ስም እንደተከፈተ ይጠይቁ፤ በእርስዎ ስም እንዲዛወር በውሉ ላይ ያስጽፉ፤ መዛወር የማይቻል ከሆነ አስመጪው መኪናውን ከመለያው ማስወጣቱን በዓይንዎ ይዩ። «መተግበሪያው እዚህ አይሠራም» የሚል መልስ ለእርስዎ ስልክ እንጂ ለእርሱ ስልክ ማረጋገጫ አይሆንም። ደረጃ 5 እንዳለ ለእርስዎም ይሠራል።

በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃዎን የማየት፣ የማሳረምና የማሰረዝ መብት ይሰጥዎታል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሻጩ እምቢ ካለ ጥያቄዎን በጽሑፍ ካስገቡና ቅጂውን ከያዙ በኋላ ወደዚያ ይሂዱ።

ከሦስት ወር በኋላ

የመኪናውን ስክሪን ማስተካከያ እንደገና ይክፈቱ፤ ካነሡት ፎቶ ጋር ያስተያዩ። ለአምራቹ የጻፉት ደብዳቤ ከ45 ቀን በላይ ያለ መልስ ከቆየ አቤቱታውን አሁን ያስገቡ። የሌክሲስኔክሲሱን ሪፖርት በዓመቱ፣ ከተቻለ የመድን ውልዎ ከመታደሱ ሁለት ወር ቀደም ብለው እንደገና ያስጠሩት፤ ለክርክሩ 30 ቀን እንዲተርፍዎት። አምራቹ ማጥፋቱን በጽሑፍ ካረጋገጠልዎት በኋላና የርቀት መክፈቻውን የማይፈልጉት ከሆነ፣ አሁን መተግበሪያውን ከስልክዎ መሰረዝ ይችላሉ።